ለሼሁ የጻፍኩት ማመልከቻ

ባለፈው ሳምንት ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ትርንጎ በቢላ ስትገምስ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ደብረ ብርሃንን በታኅሣሥ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሴትዮዋ አየችኝ አየችኝና፣ "እትዬ፣ ይገዛሉ ወይስ እያሸተቱ ሊሄዱ ነው?" አለችኝ። አፍሬ ሁለት ገዛሁ። ትርንጎ እንኳ አልወድም። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸውና ቀኑን ሙሉ የሼሁን አትክልት ቦታ ሳስብ ዋልኩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ወድቄ፣ ቤት የተቀመጥኩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ብወድቅም የተማርኩ ነኝ ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። የምንኖረው ከጣርማ በር ወዲህ፣ ደጋው ላይ ነበር። እናቴን አስም ያማታል። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲጀምር ደረቷ ይታፈናል፤ መጋደም ስለማትችል ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታነጋው። የዚያን ዓመት የጤና ጣቢያችን ድሬሰር መርፌዋን ወግቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞር አለና፣ "ከዚህ በላይ መድኃኒት የለኝም። ቆላ አውርጃት፤ ብርዱ እስኪያልፍ ሮቢት ትሰንብት" አለኝ።

ወረድን። አውቶቡሱ የጣርማ በርን ዋሻ ሲያልፍ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ምንም አይታይም ነበር። ቁልቁለቱን ስንያያዘው እናቴ መጀመሪያ ጋቢዋን አወለቀች፤ ደብረ ሲናን አልፈን ሹራቧን፤ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ በነጠላ ብቻ ቀርታ፣ "ይቺ ልጅ ራቁቴን ልታስቀረኝ ነው" ትላለች። አየሩ የሞቀ አፈርና የበሰለ ፓፓያ ይሸታል። ዘመድ ያገኘልን ክፍል ከከተማው ዳር፣ አንድ የአርጎባ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ሚስታቸው ሞታ፣ ልጆቻቸው ራቅ ብለው ሰፍረው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጺማቸው በሂና የቀላ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ሼሁ ነው የሚላቸው።

አትክልት ቦታ ስላችሁ ጎመንና ቃሪያ እንዳይመስላችሁ። ከክፍላችን ጀርባ በጭቃ ግንብ የታጠረ አራት ማዕዘን ቦታ ነበር። ሁለት ቀጫጭን ቦዮች መሐል ላይ ተላልፈው ለአራት ይከፍሉታል። በሚተላለፉበት ላይ በድንጋይ የታነጸ ገንዳ አለ፤ ሼሁ ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብለው ከሶላት በፊት እየታጠቡ ውዱእ የሚያደርጉት እዚያ ነው። በአንዱ መደብ ብርቱካንና ትርንጎ፣ በአንዱ ሮማን፣ በአንዱ ፓፓያና ሙዝ፣ በአራተኛው ሂናና ሬሃን የሚሉት ሽቶ ቅጠል ተተክሏል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ውሃውን ነክቶ፣ ሬሃኑን ነክቶ ነው ፊታችን ላይ የሚደርሰው። አያታቸው ከነጋዴዎች ጋር ባሕር ተሻግረው የመን ያዩት አሠራር ነው ይሉ ነበር።

እናቴ፣ "ሼሁ፣ ለምን አራት አደረጉት?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ጀነት ውስጥ አራት ዓይነት ወንዝ አለ ይላል ኪታቡ። የውሃ፣ የወተት፣ የማር።"

"አራተኛውስ?"

"የወይን ጠጅ ነው። እሱን ኢንሻአላህ እዚያ ስንደርስ ነው የምናየው፤ እዚህ አልተፈቀደልንም።"

እናቴ ሳቀች። "የእኛም የኤደን ወንዞች አራት ናቸው። አንዱ ግዮን ነው፣ አባይ ማለት ነው" አለቻቸው።

"በይ እንግዲያው ጎረቤት ነን" አሉ።

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። እናቴ ስቃ ሳል ሳይከተላት ዝም አለች። እንደዚያ ስትስቅ የሰማኋት ከስንት ዓመት በፊት እንደነበር ማስታወስ እንኳ አቃተኝ።

ጾመ ነቢያት ስለነበር የሥጋ ነገር አላስቸገረንም፤ የክርስቲያን ቢላ፣ የእስላም ቢላ የሚባል ጣጣ ሳይኖር ሽሮውን ከአንድ ትሪ በላን። በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እናቴ ብርቱካኑ ሥር በተነጠፈው ሰሌን ላይ ተጋድማ እንቅልፍ ወሰዳት። ተጋድማ ነው የምላችሁ። ደረቷ ዝግ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቦዩ ከጎኗ ይንሿሿል። እኔ እንደ ሞኝ ቆሜ አለቀስኩ። ሼሁ በጣታቸው ዝም በይ ብለውኝ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አትቀስቅሻት" አሉኝ በሹክሹክታ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጥላ የእንግዳዋ ቦታ ተባለ፤ ማንም አይቀመጥበትም።

ውሃው ግን የሼሁ ብቻ አልነበረም። ከወንዙ በቦይ ተጠልፎ ለሰፈሩ በተራ ነው የሚታደለው። ተራውን የሚያስከብር የውሃ አባት የሚባል ሽማግሌ አለ። መሬት ላይ እንጨት ተክሎ፣ ጥላው ምልክቱ ላይ ሲደርስ የአንዱን ይዘጋል፣ የሌላውን ይከፍታል። የሼሁ ተራ ሰኞና ሐሙስ ነበር፤ ከአያታቸው ጊዜ ጀምሮ።

የዚያን ዓመት ከላይ በኩል የአምራቾች ማኅበር ተቋቁሞ ሰፊ የሽንኩርትና የጥጥ እርሻ ወጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ተራው እንደ አዲስ ይደለደላል፣ ውሃ የሚፈልግ ሁሉ ለምን ሥራ እንደሚያውለው በጽሑፍ ያመልክት ብሎ አስነገረ። ሼሁ ዐረብኛውን ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፤ አማርኛ ግን ይናገራሉ እንጂ አይጽፉም። እኔ ዘንድ መጡ።

"ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ብርቱካንና ፓፓያ ለከተማው እንደማቀርብ፣ ትርንጎና ሙዝ ለመንገደኛው እንደምሸጥ፣ በዚህም ራሴንና የልጅ ልጆቼን እንደማበላ ጻፊልኝ። ሌላ አትጨምሪ።"

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ይኸውላችሁ አጉል ብልጠት። ሬዲዮኑ ጠዋት ማታ ከበርቴ፣ በዝባዥ ነጋዴ ሲል ነው የሚውለው። እሸጣለሁ ብለው ከጻፉ ነጋዴ ናቸው ተብለው ይበላሉ አልኩ በልቤ። እኚህ ሽማግሌ ምን ያውቃሉ፣ እኔ ነኝ የማውቀው አልኩ። መሸጡን ተውኩትና ከላይ መፈክሩን ጽፌ፣ የአትክልት ቦታው ለጸሎት፣ ለጥላና ለዕረፍት የሚያገለግል፣ ሕሙማን ከደጋ ወርደው የሚያገግሙበት መሆኑን በሚያምር እጅ ጽሕፈት አሰፈርኩ። እናቴን አስቤ ነው። ያቺ ሰሌን እንዳትነሣባት ነው። ሊቀመንበሩም የሰው ልጅ ነው፣ ያዝናል ብዬ ነው።

ሼሁ ወረቀቱን ተቀበሉና፣ "ያልኩሽን ጻፍሽ?" አሉኝ።

"አዎ አባባ።"

በዐረብኛ ፈረሙበት። አሁን ይህን ስነግራችሁ እንኳ ፊቴን ያቃጥለኛል።

ስብሰባው ከዋርካው ሥር ነበር። ሊቀመንበሩ የየሰዉን ማመልከቻ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ሽንኩርት፣ በቆሎ፣ ቲማቲም እያለ ብዙውን አሳለፈ። የሼሁ ላይ ሲደርስ፣ "ለጸሎት፣ ለጥላና ለዕረፍት" ብሎ አንብቦ ቆመ። ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤ ጀርባው ባዶ ነው። "ውሃ ለዕረፍት" አለ። ሰው ሳቀ። ሼሁ አልሳቁም፤ ወደ እኔም አልዞሩም። ምርኩዛቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እሳቸው እንዲህ አላሉም ብዬ መነሣት ነበረብኝ። አልተነሣሁም። ቅድሚያ ለምርት ተባለና የሰኞውም የሐሙሱም ተራ ወደ ላይኛው እርሻ ሄደ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩን ብቻውን አግኝቼ ለመንኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ልናገር። ራሱን እያከከ፣ "ፍሬ ለከተማ ያቀርባሉ ተብሎ ቢጻፍ እኮ ምርት ነው ብዬ አሳልፍላቸው ነበር። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የጻፈላቸው? አሁን ወረቀቱ ወረዳ ገብቷል፤ ከእጄ ወጥቷል" አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኟም እኔ፣ ወረቀቱም የእኔ ነበር። ማን ጻፈው ያለውን ሳልነግረው ተሰናብቼው ሄድኩ።

ገንዳው በሳምንት ውስጥ ጎደለ። ከዳር የለበሰው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ደርቆ ተላጠ። ሬሃኑ መጀመሪያ ሞተ፤ ከዚያ ፓፓያው ቅጠሉን ጣለ። እኔ ጠዋት ጠዋት ከወንዝ በእንስራ መቅዳት ጀመርኩ። ሼሁም በዚያ ዕድሜያቸው ባልዲ ይዘው ይከተሉኛል። የእኛ ምልልስ ለአንድ ዛፍ እንኳ አይበቃም። ያመጡትን ውሃ ለሮማኑም ለሂናውም ሳይሉ ሁልጊዜ ብርቱካኑ ሥር ይደፉታል። "የእንግዳዋ ጥላ ነው" ይላሉ። እሳቸው ውዱእ የሚያደርጉት በአንዲት ማንቆርቆሪያ ውሃ ሆነ። ብርቱካኑም ቢሆን አልዳነም፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ እናቴ ላይ ይረግፍባታል። ነፋሱ አሁን የሚያመጣው አቧራ ብቻ ነው። እናቴ እንደገና መሳል ጀመረች፤ እንደገና ተቀምጣ ማንጋት ጀመረች።

ማመልከቻውን ምን ብዬ እንደጻፍኩት ለእናቴ ነገርኳት። "ሄደሽ ንገሪያቸው" ብቻ አለችኝ።

ሼሁ ደረቁ ገንዳ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ገና አፌን ሳልከፍት ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ።

"አውቃለሁ ልጄ። ሲያነበው ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ አባባ?"

"ምን ልበል? ልጅቷ ናት ያላልኩትን የጻፈችው ብል ማን ነሽ፣ ከየት መጣሽ፣ የይለፍ ወረቀትሽ የታለ ይሉሽ ነበር። ብርቱካን ቢደርቅ እንደገና ይተከላል።"

በዚያ ጊዜ ለጥያቄ ተብሎ የተወሰደ የእኔ ዕድሜ ልጅ ስንቱ ሳይመለስ እንደቀረ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። የይለፍ ወረቀት ደግሞ አልነበረኝም።

"እንደገና ይተክላሉ ታዲያ?" አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። "በየትኛው ውሃ፣ ልጄ" አሉ።

ጥምቀትን ውለን ወደ ደጋ ተመለስን። ሼሁ እስከ አውቶቡሱ ሸኝተውን የእናቴን ጋቢ ራሳቸው አቀበሏት። በሚቀጥለው ኅዳር በመስመሩ የሚሠራ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቤታችን ድረስ መጣ። "ሼሁ ክፍሉ ተጠርጓል፣ እናትሽን አምጫት ብለውሻል" አለኝ። እናቴን ለመንኳት፤ እንቢ አለች። "የሰውየውን ቤት አድርቀን፣ ደግሞ በየትኛው ዓይናችን እናያቸዋለን?" አለች። ቆላ ሞልቷል፣ ሌላ ቦታ እንሂድ ብላት እሱንም አልሰማችኝም። ግድግዳዋን ተደግፋ ከረመች። በዓመቱም ሾፌሩ ያንኑ ቃል ይዞ መጣ፤ ያንኑ መልስ ሰጠችው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ሲመጣ የእናቴ አርባ እንኳ አልወጣም ነበር። ጥቁር ለብሼ በር ላይ ሲያየኝ ኮፍያውን አወለቀ። ክፍሉ ተጠርጓል የሚለውን መልእክት ግን ሳይናገር አልቀረም፤ አደራ ነውና። ከዚያ፣ "እንግዲህ ምን ልበላቸው?" አለኝ።

"እንመጣለን ብላለች በላቸው" አልኩት።