የአክስቴ ቁንጥጫ

የአክስቴ አርባ ከወጣ ሳምንት አልሞላውም። በልጅነቴ፣ ክረምቱ በወጣ ቁጥር፣ የእኛንም የጎረቤትንም ልጆች ሰብስበው ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳለው መሬታችን ይወስዱንና የወሰኑን ድንጋዮች እያዞሩ ያሳዩን ነበር። በየድንጋዩ አጠገብ አቁመው የሁላችንንም ጆሮ እስክናለቅስ ይቆነጥጡናል። «የተነገረ ይረሳል፤ ያመመ አይረሳም» ይሉ ነበር። አያዳሉም፤ ነገ ምስክር ነውና የጎረቤት ልጅም እኩል ይቆነጠጣል።

እውነታቸውን ነው። ዛሬ አያት ሆኜ እንኳ እዚያ ስደርስ ጆሮዬ ይግላል።

ትናንት ብወጣ፣ ጎረቤታችን አንዱን ድንጋይ ነቅሎ በእኛ በኩል ባሕር ዛፍ ተክሏል። በለቅሶው ደረቱን ሲደቃ የነበረው እሱ!

«እትዬ፣ ወሰኑን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ሄዱ» አለኝ።

«አንተ ዓይን አውጣ! እዚሁ ቦታ ላይ ተቆንጥጠህ ከእኔ ይበልጥ የጮኽከው አንተ አይደለህም?»

እጁ ሳያውቀው ጆሮውን ያዘ።

አክስቴ፣ ትምህርትዎ አልጠፋም፤ የጠፋው የሚቆነጥጠው እጅዎ ነው። ነገ የልጅ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ፤ የእሱንም ጭምር።