ጉርሻ ከልካይዋ

አቶ ካሳሁን ወልዲያ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። መንገድ ላይ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ዝም ካለ ያመመው ይመስላቸዋል። ባለፈው መስከረም ከመርሳ ሲመለሱ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጎናቸው የደረሰችው ሴት ሰላምታቸውን በአንገቷ ብቻ መልሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሳቸው ደግሞ ከገዙት ሙዝ አንዱን ዘረጉላት።

«ዛሬስ አጉራሽ ማየት አልፈልግም፣ ጋሼ» አለች፤ ቢሆንም ተቀበለቻቸው። ነገሩ ምንድን ነው ብለው ጀመሩ፤ ሲሪንቃ ሳይደርሱ ሆዷ ያለውን ሁሉ አጫወተቻቸው።

ንግሥት ትባላለች። ሥራዋ አካል ጉዳት ያለባቸው ትንንሽ ልጆች ቤት ድረስ እየሄደች ማጫወት፣ ወላጆቻቸውንም እንዴት እንደሚያጫውቷቸው ማሳየት ነው። የሀብሩ ወረዳን ቀበሌዎች በእግሯም በባጃጅም ታዳርሳለች። ተምረሽ ተምረሽ ልጅ ማጫወት ሆነ ወይ ሥራሽ እያለች የገዛ እናቷ ሳትቀር ትስቅባታለች።

ከልጆቹ አንዷ መርሳ ዳር የምትኖረው የአምስት ዓመቷ ሜሮን ናት። ስትወለድ ምጡ ጠንክሮ ስለነበር እጆቿ እንደ ልብ አይታዘዟትም፤ ቀኙ ጭብጥ እንዳለ ነው የቀረው። ሌላው ነገሯ ሙሉ ነው፤ ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ በሰው ታሾፋለች። እናቷ በላይነሽ ዜሮ ክፍል ልታስገባት ብትጠይቅ፣ መምህርቷ ምሳዋን በራሷ እጅ ከበላች በመስከረም እቀበላታለሁ፣ የሚያጎርሳት ረዳት ግን የለኝም አለቻት።

ንግሥት ይህን ቃል ይዛ ከጥር ጀምሮ በየሳምንቱ ተመላለሰች። ጨዋታው ባቄላ አንድ በአንድ እያነሱ ባዶ ጣሳ ውስጥ መጣል ነበር። ባቄላው ጣሳውን ቋ ባደረገው ቁጥር ሜሮን በሳቅ ትፈርሳለች። ጣቶቿ ፈታ ሲሉ ባቄላው ቀርቶ በእንጀራ ቁራሽ ተተካ። ጣጣው የመጣው ያኔ ነው።

የበላይነሽ ቤት ጎረቤት አይጠፋበትም። ልጅቷ ቁራሽ ለማንሳት ስትታገል ያየ ሁሉ አንጀቱ አይችልም፤ ቁጭ ብሎ ያጎርሳታል። ንግሥት በሳምንቱ ስትመለስ ሜሮን እጇን ጭኗ ላይ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ትጠብቃታለች። ብትለምናቸው፣ ብትቆጣቸው፣ ወይ ፍንክች። ይባስ ብላ የበላይነሽ ጎረቤት ዙልፋ ፊት ለፊት ገጠመቻት።

«አንቺ ልብ የለሽም እንዴ? ልጅቱ እየራባት ጣት ትቆጥሪያለሽ።»

«ትምህርት ቤት ስትገባስ፣ ተከትለሽ ታጎርሻታለሽ?»

«ወላሂ እከተላታለሁ» አለች ዙልፋ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈርተኛው ንግሥትን «ጉርሻ ከልካይዋ» ይላት ጀመር።

ስሙን ቻለችው። ያልቻለችው የሰዎቹን ደግነት ነው። ልጅ ለሚደብቅ፣ ልጅ ለሚያገል ሰው ምን እንደሚባል ሥልጠና ላይ ተነግሯታል፤ ለደግ ሰው የሚባለውን ግን ማንም አላስተማራትም።

ኋላ ላይ መላ ዘየደች። ዙልፋን የሜሮን እጅ አፏ በደረሰ ቁጥር ቆጣሪ አደረገቻት። ዙልፋ በቁጥር አትቀልድም፤ ከዚያ በኋላ ሊያጎርስ የቃጣው ሁሉ ቆጠራ አበላሸህ እየተባለ ይባረር ጀመር። በሰኔ ወር ሦስት ጊዜ ደረሰች፣ በነሐሴ ሰባት ጊዜ። በሰባተኛው ዙልፋ እልል አለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ንግሥትና በላይነሽ ሜሮንን ይዘው፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው ትምህርት ቤቱ ሄዱ። መምህርቷ ሰላማዊት በአንድ ክፍል ሰባ ስምንት ልጅ ይዛለች፤ እንዲያም ሆና ሜሮንን ወንበር ላይ አስቀምጣ ፊቷ ተንበረከከች። የመጀመሪያው ቁራሽ ወደቀ። ሁለተኛው ጉንጯ ላይ ቀረ። ሦስተኛው በሚንቀጠቀጡት ጣቶቿ ተይዞ አገጯ ጋ ደረሰ። ይኼን ጊዜ የመምህርቷ ዓይን እንባ ሞላ። «የኔ እናት» አለችና ቁራሹን ከልጅቷ እጅ ወስዳ አጎረሰቻት። እንደ ወጉም ደገመቻት። ሜሮን እጇን ጭኗ ላይ ጣለችና አፏን ከፈተች።

ሰላማዊት ዓይኗን ጠርጋ መዝገቡን ዘጋችው።

«አየሽ ንግሥት፣ አልቻለችም። ይህን ሁሉ ልጅ ይዤ እሷን ማን ያጎርስልኛል? ለከርሞ አምጧት።»

ንግሥት፣ ያጎረስሻት አንቺ አይደለሽም ወይ ብላ ተከራከረቻት። ሕፃን ሲቸገር ዓይኔ እያየ ዝም ልበል ወይ የሚል መልስ አገኘች። እንደገና እንሞክር ብትል ልጅቷ ጠግባለች። ርእሰ መምህሩ ጋ ብትሄድ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች። በላይነሽ ምሳ ዕቃውን ከድና ልጇን አዘለች። ሜሮን ግን ከእናቷ ጀርባ ሆና መምህርቷን እየሳቀች ተሰናበተቻት። ንግሥትን ከሁሉ ያንገበገባት ይኼ ነው።

ወልዲያ መናኸሪያ ሲደርሱ አቶ ካሳሁን፣ ታዲያ እስከ ከርሞ ልትጠብቂ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወረደችና በመስኮቱ መለሰችላቸው።

«ምዝገባው እስከ ዓርብ ነው፣ ጋሼ። ሐሙስ እመለሳለሁ። በላይነሽን የልጅቷን ቁርስ ቀለል አድርጊው ብያታለሁ። የመምህርቷን ሁለት እጅ ግን እኔው ራሴ ይዤ ነው የምቀመጠው።»