ፈታሿን ማን ይፈትሻታል?

በሸሚዝ ፋብሪካው በር ላይ ሴት ሠራተኞችን የምትፈትሸውን ሴት ሁሉም ሰው «ራጅ» ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሆዷ ላይ ሸሚዝ ጠቅልላ «እርጉዝ ነኝ» ያለችውን አንዷን በአካሄዷ ነው የያዘቻት፤ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ እርጉዝ እንኳ እስክትወልድ ድረስ በሙሉ ልቧ አታምናትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትላለች። የሚከፈላትም ለዚሁ ነው።

በሩ የራሱ ሥርዓት አለው። ተፈታሿ ክንዷን ትዘረጋለች፤ ራጅ «ምን ይዘሻል?» ትላታለች፤ እሷም «ምንም» ትላለች። ብብት፣ ወገብ፣ የቀሚስ ጠርዝ ይዳሰሳል። ከዚያ «እለፊ»። «እለፊ» ሳይባል ክንድ አይወርድም። ፈታሿም ብትሆን አይቀርላትም፤ ከሠራተኞቹ መጨረሻ የምትወጣዋ ሴት እሷን በተራዋ ፈትሻ ታሳልፋታለች። ሁሉም ወደ ቤቱ ስለሚቸኩል ይህን ሥራ የሚወደው አልነበረም፤ ነካ ነካ አድርገዋት ይሮጣሉ።

አሁን አሁን ግን መጨረሻ የምትወጣው ሁልጊዜ አንዲት ሴት ሆነች፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምትሰፋዋ።

የቁልፍ ሰፊዋን ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኪና ገጭቶ ገድሏት ሮጧል። ገጪው አልተገኘም። በሕይወት ካሉት ሰዎች ማንነቱን የምታውቀው ራጅ ብቻ ናት። ገጪው የራሷ ወንድም ነው፤ ድሮም ጉበቱን መጠጥ የበላው ይህ ሹፌር ከዚያ ቀን በኋላ ከጠርሙስ አልተላቀቀም። ሊሞት ሲል ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግቶ ነገራት።

«ለእግዚአብሔር ነግረኸዋል?» አለችው።

«እሱን እፈራዋለሁ። ላንቺ ነው የነገርኩሽ» አለና በማግስቱ ሞተ።

ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው። እናታቸው ግን አላስቀመጧትም። ልጃቸው ሰካራም እንደነበር እንጂ ሌላውን አያውቁም፤ ቢሆንም ሲመሽ ሲመሽ «አንቺ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ። ልጄ የት ነው ያለው?» ይሏታል።

«አፈር ውስጥ ነዋ፣ እማዬ።»

«አፈሩንማ እኔም አልብሼዋለሁ፤ ነፍሱን ነው የምልሽ» ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።

የሰፈራቸው ቄስ ዘንድ ሄደች። ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ራጅ ደግሞ ደግ ሰው ስታይ ዓይኗ ኪሱ ላይ ነው የሚያርፈው።

«አባ፣ እግዚአብሔር ቸር ነው ይላሉ። ገሃነም አለም ይላሉ። እዚህ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ።»

«እሱ ማንንም አይጥልም፣ ልጄ። ሰው ነው በገዛ ፈቃዱ ከእሱ የሚርቀው።»

«የእኛም ፋብሪካ ያባረረውን ሁሉ ‹በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ› ነው የሚለው።»

ቄሱ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሺ፣ ገሃነም ባይኖር ይሻልሻል?»

ራጅ በልቧ መዘነችው። ከሌለ የዚያች ሕፃን ደም ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ፤ ይህን የልጅቷን እናት ዕለት ዕለት እየዳሰሱ ማሰብ ይከብዳል። ካለ ደግሞ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ወንድሟ እዚያ ነው። ይህን የሚያደርገው አምላክ እንዴት ቸር ይባላል?

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለቻቸው።

«እኔም አላውቅም፣ ልጄ። ቸርነቱን ብቻ ነው የማውቀው።»

አላውቅም የሚል ቄስ አይታ አታውቅምና እሳቸውንም ጠረጠረቻቸው።

ከሁሉ የባሰው ግን የቁልፍ ሰፊዋ እጅ ነው። እንደ ሌሎቹ ነካ አድርጋ አትሮጥም። የተሰፋ ሸሚዝ እንደምትመረምር ሁሉ ቀስ ብላ፣ ጎኗን፣ ትከሻዋን ትዳስሳለች። «ታውቃለች» አለች ራጅ በሆዷ። «አውቃ ነው። እስክለፈልፍ ነው የምትጠብቀኝ።» 

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሁሉም ወጥተው ሁለቱ ቀሩ። ራጅ ክንዷን ዘረጋች።

«ምን ይዘሻል?» አለች ቁልፍ ሰፊዋ።

«ምንም» ማለት ነበረባት። 

«ወንድሜን» አለች።

«እ?»

«ልጅሽን የገጨው ወንድሜ ነው። ሞቷል። ካወቅሽ አይቀር አውጪው፤ በየቀኑ አትግደይኝ!»

የቁልፍ ሰፊዋ እጆች በራጅ ወገብ ላይ እንዳሉ ቀሩ። «ምኑን ነው የማውቀው?» አለች።

«ታዲያ ለምንድነው ሁሌ መጨረሻ የምትቀሪው?»

«ልጄ በዚህ ሰዓት በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። በሩን ባዶውን እንዳላየው እስኪጨልም እቆያለሁ።» እጆቿን ሳታነሳ ቀጠለች። «እሷን ከቀበርኩ ወዲህ ደግሞ ሰው የምነካው እዚህ ብቻ ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ያውም ዕድሜዋን ብብት ስትፈትሽ የኖረች ሴት።

ቁልፍ ሰፊዋ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። 

«ሌሊት ሌሊት ገጪውን በሐሳቤ አቃጥለው ነበር። እግዚአብሔርን በዚህ በኩል ለኩስልኝ፣ በዚያ በኩል ጨምርልኝ እለው ነበር። ሰውየው ፊት አልነበረውማ! አሁን አንቺ ፊትሽን ሰጠሽው። እናት ይኖረዋል፣ አይደል?»

«አለችን።»

«አየሽ? አሁን እንዴት አድርጌ ላቃጥለው? ምናለ ባትነግሪኝ!» ብላ በጡጫዋ አግዳሚውን መታችው፤ ከዚያ አለቀሰች።

 የራጅ ክንዶች እንደተዘረጉ ናቸው፤ ትከሻዋ እሳት ሆኗል፤ ግን «እለፊ» አልተባለችምና አታወርዳቸውም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠረጥረው ሰው አጣች። አፈረች፤ ፈራችም።

«ክንድሽን አውርጂ» አለች ቁልፍ ሰፊዋ፣ ቀና ብላ ሳታያት።

«እለፊ» ግን አላለቻትም። ራጅም አላለፈችም፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቃሉን ትጠብቅ ጀመር።