ለክፉ ቀን የተቀመጡ አራት ፓኮ ጥይቶች

ሳሮን የጠየቀችኝን ሁላችሁም ሰምታችኋል። «ጋሼ፣ ግማሹን ፓኮ ጥይት የዒላማ ወረቀት ላይ መጨረስ ዌስት አይሆንም? ፕራይሱ እኮ ደብል ሆኗል» ነው ያለችው። ልክ ነሽ ልጄ፣ ተወዷል። እኔም አንድ ጊዜ እንዳንቺ አስቤ ነበር፤ ያውም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። እስቲ ጠመንጃችሁን ባዶ አድርጉና አፈሙዙን ወደ ዒላማው አዙራችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ። ቀኑ ገና ነው፣ አንዴ ስሙኝ።

ከተማችን ውስጥ ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው ጎዳና ለባቡሩ ተብሎ መቆፈር የጀመረበት ሰሞን ነው። ወሩ ጥቅምት፣ የሙስ፣ ማለትም የዚህ አገሩ ግዙፍ አጋዘን፣ አደን የሚከፈትበት ሳምንት። አብሮኝ የነበረው ተሾመ ነው። ኢቶቢኮ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ እሱ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ይነዳል፣ እኔ ዕቃ አሽጋለሁ። ፓርክዴል አንድ ሕንጻ ላይ ነበር የምንኖረው፤ እሱ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ስድስተኛ። ቅዳሜ ሲመጣ ሰው ሁሉ ወደ ሞል ሲጎርፍ እኛ ከከተማ ወጥተን ዒላማ እንመታለን። ተሾመ ከእኔ የተሻለ ተኳሽ ነበር። ይህን አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አልነገርኩትም።

በዚያ ዓመት ጥይት ጠፋ። ከአሜሪካ የተነሳው ሽሚያ ወደኛ ተሻገረና የሱቁ መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። የተገኘ ዕለት ዋጋው ያስደነግጣል፤ ለአንድ ሰው ከአንድ ፓኮ በላይም አይሸጡም። ያልሞከርነው ብልሃት አልነበረም። ሥራ ከመግባታችን በፊት ለየሱቁ ኮል እናደርጋለን። ቤት ውስጥ ባዶ ጠመንጃ ይዘን ቃታ እየሳብን እንለማመዳለን፤ ሚስቴ «ደግሞ ያለ ጥይት ማበድ ጀመሩ» ትለናለች። ሃያ ተኩሰን የማይበቃን ሰዎች አምስት ተኩሰን ሳንድዊቻችንን ይዘን ቁጭ እንላለን። ለተሾመ ጠመንጃ የሚሆነውማ ከናካቴው ጠፋ። በዚህ የተነሳ ለአደኑ አንድ ጠመንጃ ብቻ፣ የኔን፣ ይዘን ለመሄድ ተስማማን።

እኔ ግን ጥይት ነበረኝ። ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተቆልፎባቸው አራት ያልተከፈቱ ፓኮዎች ነበሩ። የጠመንጃዬ ማነጣጠሪያ መነጽር የተስተካከለው በእነሱ ዓይነት ጥይት ነው፤ እጄም የለመደው ያንኑ ነው። ለተሾመ አልነገርኩትም። ለሱ ጠመንጃ እንደማይሆኑ እያወቅሁ ለምን ደበቅሁት? ንፉግ ምክንያት አያስፈልገውም። ለራሴ «ለክፉ ቀን ነው» እላለሁ። ለአደኑ ብዬ ሌላ ፋብሪካ የሠራው፣ እርሳሱ ቀለል ያለ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ አንድ ፓኮ አግኝቼ ገዛሁ።

ጥይት ሲቀየር መነጽሩ እንደገና መስተካከል እንዳለበት ይህችን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ተሾመም መኪና ላይ ሆነን ጠየቀኝ፦ «ዘውዴ፣ በአዲሱ ጥይት ዚሮ አድርገኸዋል አይደል?»

«አድርጌዋለሁ» አልኩት።

ዋሸሁት። ጥይቱን ለወረቀት ማጉረስ ግፍ ሆኖ ታየኝ። ከዚያች ፓኮም ውስጥ ይዤ የመጣሁት አምስት ፍሬ ብቻ ነበር። ብዙ ከያዝኩ ብዙ እተኩሳለሁ ብዬ ራሴን መቆጣጠሬ ነው እንግዲህ።

አራት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ነዳን። ተሾመ ሙስ ይበላ እንደሆነ ቄሱን አስቀድሞ ጠይቆ ነበር። «ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ይበላል» አለኝ። «ግን ነፍሱ ሳይወጣ በቢላ ካልተባረከ በክት ነው። ማንም አይነካልንም።» ሕንጻችን ላይ ያሉ አበሾች ሁሉ ሥጋ ይጠብቃሉ። ስለዚህ እኔ ጠመንጃውን፣ እሱ ቢላውን ይዘን ገባን። እዚህ አገር እንዲህ ተከፋፍሎ የሚያድን ሌላ ሰው አላየሁም።

ጠዋት ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሷል። ረግረጉ ዳር ዱካ አገኘን፤ ከእጄ መዳፍ የሚረዝም ኮቴ ነው። ዙሪያው ነጭ ሆኖ ኮቴው ውስጥ ያለው ውኃ ግን ገና ድፍርስ ነበር። አሁን አልፏል ማለት ነው። የተቀነጠሰው ቅርንጫፍም ከቁመቴ በላይ ነው። ነፋሱ ፊታችንን እየገረፈን ቀስ እያልን ተከተልነው። ከቁጥቋጦው ብቅ ሲል ፈረስ አከለኝ፤ ቀንዱ እንደ ሰፌድ ተዘርግቷል። ሰማንያ እርምጃ ቢሆን ነው። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ከትከሻው ኋላ አነጣጠርኩና ቃታውን ሳብኩ።

ባለበት ዘጭ አለ። እግሩን እንኳ አላወራጨም።

እኔና ተሾመ ሕግ ነበረን፤ የወደቀ አውሬ ሁለተኛ ጥይት ሳይጨመርበት አይጠጉትም። ተሾመ ቢላውን መዝዞ ዞር ብሎ አየኝ። «ልሂድ?» አለኝ። ጣቴ ቃታው ላይ ነበረች። አራት ቀርቶኛል አልኩ በልቤ፤ ለወደቀ ምን አስጨረሰኝ?

«ሂድ፣ አልቆለታል። ነፍሱ ሳይወጣ ድረስበት!»

ሮጠ። ደርሶም በስመ አብ ሲል ድምፁ ተሰማኝ። እኔ በመነጽሩ የአውሬውን ጭንቅላት አየሁ፤ ዓይኑ ተከድኗል። ልጆች፣ ያለቀለት አውሬ ዓይኑ ክፍት ነው። «ተሾ!» ብዬ ጮህኩ፤ ዘገየሁ። ሙሱ ተነሣ። ጥይቴ ካነጣጠርኩበት በላይ ሄዶ የጀርባ አጥንቱን ጫፍ ነክቶ ለጊዜው አደንዝዞት ኖሯል። ተሾመን በደረቱ ገፍቶ ጣለውና በፊት እግሮቹ ይረግጠው ጀመር።

ተኮስኩ፣ ሳትኩ። ደግሜ ተኮስኩ፤ ከሙሱ ጀርባ በላይ ካለው ዛፍ ላይ ልጡ ሲቦነን አየሁ። ያኔ ገባኝ። ጠመንጃዬ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ እያደረገ ነው። ደረቱን ለማግኘት ከደረቱ በታች ማነጣጠር አለብኝ፤ ከደረቱ በታች ያለው ደግሞ ተሾመ ነው። የመነጽሩን መስቀል የጓደኛዬ ብርቱካናማ ሰደርያ ጫፍ ላይ አሳረፍኩት። ቃታውን ስስብ «አምላኬ፣ ዛሬ ብቻ» ከማለት በቀር የማስታውሰው ጸሎት የለኝም። ሙሱ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ተንገዳግዶ ወደቀ። አምስተኛዋን አንገቱ ላይ ጨመርኩ።

በጫካ ሦስት ጊዜ መተኮስ የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ እኔ አንድም አልቀረኝም። ስልኩም አይሠራም። ተሾመ ወገቡ ተሰብሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ሽቅብ አየኝና «ባረክኸው?» አለኝ።

«አልባረክሁትም።»

«በክት ሆነ በለኛ» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ጃኬቴን አልብሼው፣ ብቻውን ትቼው መንገድ እስካገኝ ድረስ ሮጥኩ። ያን ሩጫ እስካሁን በሕልሜ እሮጠዋለሁ። ከካምፓቸው የደረስኩባቸው ሽማግሌ አዳኞች በመኪናቸው አወጡት። ሥጋውን እነሱ ወሰዱት፤ ይብሉት ይተዉት አልጠየቅሁም።

ሆስፒታል ልጠይቀው ስገባ መጀመሪያ የተናገረው ምን መሰላችሁ? «ጥፋቱ የኔ ነው ዘውዴ፣ ቸኮልኩ። ጥይትህንም አስጨረስኩህ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔን! እኔም «ተው እንጂ፣ ምን ማለትህ ነው» ብዬ ትራሱን አስተካከልኩለት። እውነቱን ለመናገር አፌ አልከፈት አለ። ፎርክሊፍቱ ላይ ዳግመኛ አልወጣም። ደረጃ ስለማይችል ምድር ቤት ፍለጋ ኢቶቢኮ ገባ፤ ዛሬም በከዘራ ነው የሚሄደው። እኔ በየበዓሉ እየሄድኩ፣ ብርቱካን አስቀምጬ፣ ስለ አየሩ አውርቼ እመለስ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ።

ባለፈው ዓመት ግን ነገርኩት። ዚሮ እንዳላደረግሁ፣ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ምን እንደነበረ፣ ሁሉንም።

«ስንት ፓኮ ነበረህ?» አለኝ።

«አራት።»

ከዘራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ለእኔ አንዷ ፍሬ ትበቃኝ ነበር» አለ። ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ ሻይ እንድታፈላልኝ ነገራት። አልተቆጣኝም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላለኝም። አሁንም እሄዳለሁ፤ አሁንም ሻይ ይሰጠኛል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የኔ ከዚያም ይብሳል፤ ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ጥይት ነው ክፉውን ቀን የጠራው። ዋጋው ሲወደድ ሽርሽሩን ቀንሱ፣ አደኑን አንድ ዓመት እለፉት፣ ምንም አይደል። ጫካ ከገባችሁ ግን ጠመንጃችሁ የት እንደሚመታ ሳታውቁ፣ ለወደቀውም አንድ ሳትጨምሩ ጓደኛችሁን «ሂድ» አትበሉት።

በይ ሳሮን፣ ያንን ቦርሳ አቀብይኝ። አዎ፣ አራቱም እነዚሁ ናቸው፤ ላንቺም ጠመንጃ ይሆናሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተኮስኩም። ወረቀቱ ላይ ጨርሷቸው፣ አንድም ፍሬ ወደ ቤቴ እንዳትመለስ። ማሸጊያውን ግን አንቺ ቅደጂው፤ እኔን እጄ እምቢ ብሎኛል።