ቲቸር ሁለት መስመር

ለእንግሊዝኛ መምህርነት ቆቦ ተመድቤ የመጣሁ ቀን፣ ሻንጣዬን የትም ሳላሳርፍ በቀጥታ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። የደጋ ልጅ ነኝና ኮት ለብሼ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ኮቱን አውልቀው ወንድሜ፣ እዚህ አያስፈልግህም» አለኝ። ከዚያ ጠመኔና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ሰጥቶ ክፍሉን አሳየኝ።

የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ምንባብ በማስነበብ ጀመርኩ። ሦስት ተማሪዎች ተራ በተራ ተነሥተው አነበቡ። ቃሉን አሳምረው ይጠሩታል፤ «ምን ይላል?» ስላቸው ግን ሦስቱም መሬት መሬት አዩ። ሄጄ ለርዕሰ መምህሩ ከሥር መጀመር እንዳለብኝ ነገርኩት። «ከሥር ስትጀምር ፈተናው ይደርሳል። እኔን የሚጠይቁኝ ስንት ልጅ አለፈ ብለው ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ እኔም ብዙ አልተከራከርኩም።

ወደ ዘዴው የገባሁት እንዲህ ነው። የመልቀቂያ ፈተና ምርጫ ነው። ስለዚህ ምንባቡን ትታችሁ መጀመሪያ ጥያቄውን አንብቡ እላቸዋለሁ። ከጥያቄው ከበድ ያለውን ቃል አስምሩበት፣ ያንኑ ቃል ምንባቡ ውስጥ በዓይን ፈልጉት። ስታገኙት አንድ መስመር ከላይ፣ አንድ መስመር ከታች አንብቡና ከምርጫዎቹ ጋር አስተያዩት። «ሁልጊዜ» ወይም «በፍጹም» የሚል ምርጫ ካለ ሰርዙት። ከቀሩት የሚመስለውን አጥቁሩ፣ እለፉ። ልጆቹ «ቲቸር ሁለት መስመር» የሚል ስም አወጡልኝ። ከጀርባዬ ሲሉኝ እየሰማሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ዘዴው ይሠራል፣ አልዋሽም። ከአጎራባቾቹ ከሮቢትና ከጎብዬ ሳይቀር ወላጆች ልጆቻቸውን ለቅዳሜው ቲቶሪያል ይልኩልኝ ጀመር። ያለፉት አውቶቡስ ተሳፍረው ዩኒቨርሲቲ ይሄዳሉ፣ እኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እጄን አውለበልባለሁ። ከዚያ ወዲያ ድምፃቸውን አልሰማም። አንዳንዱ ለበዓል ሲመጣ ገበያ ላይ ያየኝና በሩቁ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ባለቤቴ «ምን ብታደርጋቸው ነው እንዲህ የሚሸሹህ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ቤቴ ውስጥ የሚቀልድ ሰው የለም።

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ፣ አቶ ሰይድ የሚባሉ የጎብዬ ገበሬ ልጃቸውን ዘሃራን ይዘው መጡ። በሂሳብም በባዮሎጂም የክፍሏ አንደኛ ናት። እንግሊዝኛው ግን ሌላውን ሁሉ ይዞት ይወርዳል። «መምህር፣ ይችን ልጅ አደራ» አሉኝ። «ሐኪም መሆን ነው የምትሻ። እኔ ማሽላ እንጂ ፊደል አላውቅ።» «አብሽሩ አባቴ፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው» አልኳቸው። ስናገር የነበረኝ ኩራት ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሦስት ወር ሙሉ አሠራኋት። አንድ ቀን ጥያቄዎቹን መልሳ ጨርሳ ወረቀቱን አልመልስ አለች። «ቲቸር፣ ምንባቡን ሙሉውን ብናነበውስ? ሰውየው መጨረሻው ምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።» «ለሱ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ትደርሺበታለሽ» ብዬ ወረቀቱን ተቀበልኳት። ሰዓት ይዤ ነበር የማሠራቸው፣ ቀጣዩን ሰጠኋት።

አለፈች። እንግሊዝኛዋ ከሌሎቹ ትምህርቶቿ ጋር እኩል መጣ። አቶ ሰይድ ትከሻዬን ይዘው ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ። እኔም በዚያው ክረምት ጡረታ ወጣሁና ቤቴ ገባሁ። ስልኬ ላይ ከማስታወቂያ መልእክት በቀር የሚመጣ አልነበረም። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ ሥራ ይበዛባቸዋል።

ከወራት በኋላ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ቲቸር፣ ሰላም ነዎት? ዘሃራ ነኝ፣ የጎብዬዋ።» ድምፅዋ ልክ አልነበረም። ምን ሆንሽ አልኳት።

«እዚህ ዩኒቨርሲቲ ፈተናው ምርጫ የለውም፣ ቲቸር። ጥያቄ አለ፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ ነው። ሳጠናም ሁለቱን መስመር አገኛቸዋለሁ፣ ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ካልተሻሻለ ያባርሩኛል። አባቴ አልሰማም።»

ይህ የኔ ጥፋት እንጂ የሷ እንዳልሆነ ወዲያው ገብቶኛል። «የምታጠኚበትን ሀንዳውት ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ በየቀኑ በዚች ሰዓት ደውዪ» አልኳት።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋት ሠራሁ። እሷ ታነባለች፣ ሲያቅታት «በአማርኛ ይንገሩኝ በቃ» ትላለች፣ እኔም እነግራታለሁ። ማድረግ እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። ግን ካስቸገርኳት መደወሏን ትተዋለች ብዬ ፈራሁ። ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ መነጽሬን ወልውዬ የምቀመጥ ሰው ሆኜ ነበር፤ በቀን የምሰማው የሰው ድምፅ እሱ ብቻ ነው። አንድ ሳምንት እንዲህ ሄድን። ከዚያ አጭር ፈተና ተፈተነችና ወረቀቱን ባዶውን መለሰችው።

በማግሥቱ ስትደውል «ከዛሬ ጀምሮ አልነግርሽም፣ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ» አልኳት። አንድ አንቀጽ አነበበች። «ቲቸር፣ ይንገሩኝ እንጂ።» «አልነግርሽም።» «ካልነገሩኝ ታዲያ ለምን እደውላለሁ?» ብላ ዘጋችው።

ሦስት ቀን አልደወለችም። መነጽሬን እየወለወልኩ ተቀመጥኩ። አንዴ እኔው ልደውልላት ቁጥሯን አወጣሁና ተውኩት። በአራተኛው ቀን ደወለች። ሰላምታም የለ፣ ያንኑ አንቀጽ አነበበችና በራሷ አማርኛ ነገረችኝ። ተሳስታለች። «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። ሦስተኛው ላይ አገኘችው። «ቀላል ነው እኮ» አለች፣ የተናደደች መስላ። አንድ አንቀጽ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጅቶብን ነበር።

እስከ ሴሚስተሩ ማብቂያ እንዲህ ሠራን። አንቀጹ ገጽ ሆነ፣ ገጹ ሁለት ሆነ። እያደር የምትጠይቀኝ ቃል አነሰ። ውጤቷ ሲወጣ ሁሉንም አልፋ ነበር፤ ልትባረር ደርሳ እንደነበር ለአባቷም ሳትነግራቸው ቀረች።

በሁለተኛው ሴሚስተር ስልኩ በሳምንት አንዴ ሆነ። አንድ ሳምንት ጨርሶ ሳትደውል ቀረችና በሌላው «ይቅርታ ቲቸር፣ ሳነብ ሰዓቱ አለፈብኝ» አለችኝ። «ጎሽ፣ እንደሱ ነው» አልኳት። ስልኩን ስዘጋው ግን ከፋኝ፣ ምን እደብቃለሁ። ደስ ብሎኝም ከፍቶኝም ነበር። ከዚያ በኋላ አልደወለችም፣ እኔም አልደወልኩም።

እናንተ አሁን የምታስተምሩ መምህራን ስለ ዘዴው ልትጠይቁኝ ትመጣላችሁ፤ እነግራችኋለሁ፣ ይሠራል። ግን ልጅን ማሳለፍና ልጅን ማስተማር ሁለት ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ሠራሁት። ሁለተኛውን የሠራሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ለአንዲት ልጅ፣ በስልክ ነው።