ለካሴት የተመለሰ ሰላምታ

በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ሳለሁ አንድ ቴፕ ሪከርደር ነበረኝ። ባትሪ ድንጋይ እንደ ጉድ ይበላል። ሌላው ሰው ዘፈን ሲያዳምጥበት እኔ ሰው እቀዳበት ጀመር። ዛሬ ቢሆን ተከታታይ ዘጋቢ ዝግጅት ይሉት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ስምም የለው፣ ያዘዘኝም መሥሪያ ቤት የለ። ሥራው እንዲህ ነው፦ በፖለቲካ የተኳረፉ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ፤ የካሴቱን አንድ ገጽ ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው እሰጥና የአንዱን ለሌላው አሰማለሁ። የተኳረፈ ሰው ለማግኘት ደግሞ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ያን ጊዜ የሚቸግረው ያልተኳረፈ ማግኘት ነበር።

የጀመርኩት አሊዩ አምባ ነው። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ የቀበሌው ሱቅ ኃላፊ በስብሰባ ላይ "አሻጥረኛ" ብሎ ካዋረዳቸው ወዲህ ተዘጋግተዋል። ነጋዴው ሊናገሩ ሲሉ ልማዳቸው ነውና "አሰላሙ ዓለይኩም" ብለው ጀመሩ። ያንን ለሱቁ ኃላፊ ሳሰማው፣ ፊቱን እንደቋጠረ "ወዓለይኩሙ ሰላም" አለ። ከዚያ ደንግጦ አየኝ። "ለሳጥን መለስኩ እኮ!" አለ። ሳቄን በግድ ዋጥኩት። የኛ አገር ሰው ባላጋራውን ላያናግር ይምላል እንጂ፣ ሰላም ሲሉት ዝም ማለትን አይችልበትም። ከዚያ ወዲህ የምቀዳውን ሰው ሁሉ "በመጀመሪያ ሰላም በሉት" እላለሁ።

በዚህ ልቤ አብጦ ነው ወደ ገዛ አባቴ የዞርኩት። አባቴ አንኮበር ነው የሚኖረው፤ ከአዋጁ በፊት መሬት ነበረው። መሬቱን ያርሱ የነበሩት ጭሰኛ አበልጁ ናቸው፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳው አባቴ ነው። መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ጭሰኛው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኑ፤ የአባቴን መሬት አስለክተው ያከፋፈሉትም እሳቸው ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ እየኖሩ አይተያዩም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

አባቴ ለመቀዳት አላስቸገረኝም፤ ጨዋታ ነፍሱ ነው። ሰላምታውን ከሊቀመንበሩ ጀምሮ እስከ ከብቶቻቸው አዳረሰው። ሲጨርስ ግን ድምፁ ተለወጠና አዋጁን "የሌባ አዋጅ" አለው። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ብቻዋን ሰው ታሳስራለች።

"አባዬ፣ ይቺን ላጥፋት" አልኩት።

"ንክች እንዳታደርጊያት!" አለኝ።

በነጋታው ካሴቱን ምን እንደማደርገው ሳወጣና ሳወርድ፣ የማኅበሩ ጥበቃ መንገድ ላይ ያዘኝ። አስተማሪቱ ከባላባት ጋር ትመክራለች የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። ጽሕፈት ቤቱ ስገባ ከከተማ የመጣ ወጣት ካድሬ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ሊቀመንበሩ አሉ።

"ክፈቺው" አለኝ ካድሬው።

ከፈትኩት። አባቴን በገዛ እጄ ላሳስረው ነው አልኩ በሆዴ።

"እንደምን ከረምክ አበልጄ?" አለ የአባቴ ድምፅ።

"እግዜር ይመስገን። አንቱስ እንደምን ከረሙ?" አሉ ሊቀመንበሩ፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

ካድሬው ዞሮ አያቸው። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ለማን ነው የሚመልሱት?"

አፍረው ተቀመጡ። ቴፑ ቀጠለ። "ባለቤትህን ወገቧን ተሻላት ወይ?"

"ጠበሉ ረድቷታል" አሉ፤ ያውም በካድሬ ፊት። ከዚያ ከንፈራቸውን ነከሱ። ቴፑ ግን ጥያቄውን ቀጠለ፦ "ክርስትና ልጄስ? ቦራዋ ላም ወለደች? ገብሱን ውርጭ አላገኘውም?" ሊቀመንበሩ አፋቸውን ቢይዙም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመልሳሉ። እኔ ደግሞ ሰላምታው እንዳያልቅ እጸልያለሁ። ሰላምታ እንዲረዝም የተመኘሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ካድሬው ሰዓቱን አየ። ሌላ ስብሰባ አለበት። "ይህ ሰውዬ ከላምና ከገብስ ሌላ አያውቅም እንዴ?" አለና ተነሳ። "የቀረውን እርስዎ ይስሙት። ፀረ አብዮት ነገር ካለው ያሳውቁኝ።"

ሲወጣ በግማሽ ተነፈስኩ። በግማሽ ያልኩት፣ የቀረውን የሚሰሙት እሳቸው ስለሆኑ ነው። "የሌባ አዋጅ" የምትለዋ መጣች። የሊቀመንበሩ ፊት ጠቆረ። ላጠፋው እጄን ስሰድ "ተይው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም ስቀዳው በፍርሃት በቅጡ አልሰማሁትም ነበር።

"መሬቱንስ ይውሰደው፤ ያረሰው እሱ ነው" ይላል አባቴ፣ አሁን ለእኔ እየነገረኝ። "ግን አበልጄ አይደለም ወይ? ከማስለካቱ በፊት ደጄ መጥቶ እንዲህ ሊሆን ነው ቢለኝ ምን ነበረበት?"

ሊቀመንበሩ መሬት መሬት እያዩ፣ "ፈርቻቸው ነው" አሉ። "መንግሥት ከኋላዬ ቆሞ እንኳ እሳቸው ደጅ መቆም ፈራሁ።" ቀጥለው ቴፑን አዩት። "ይቺ ሌባ የምትለዋ ትጠፋለች?"

"በላይዋ ሌላ ድምፅ ከተቀዳ ትጠፋለች፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው እኔን ቅጂኝ።"

ካሴቱን ሌባ የምትለዋ ቃል ድረስ መለስ አድርጌ ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኩ። ሊቀመንበሩ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙና ለቴፑ እጅ ነሱ። "እግዜር ይመስገን፣ ሁላችን ደኅና ነን። ወገቧንም ተሽሏታል። ክርስትና ልጅዎ ንባብ ለይቷል። ቦራ ወንድ ጥጃ ወለደች። ገብሱን ውርጩ ትንሽ ነካክቶታል፣ ይሁን።" "ይሁን" ሲሉ አቆምኩት። ሌባዋ የለችም። አባቴ አይታሰርም! እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሊቀመንበሩም "ምነው ልጄ፣ ምነው?" እያሉ ውኃ አመጡልኝ።

ቤት ስደርስ ለአባቴ ሁሉንም ነግሬ ቴፑን ከፈትኩለት። የራሱን ሰላምታ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። መልሱ ሲመጣ "ተመስገን" አለ፤ ስለ ጥጃው ሲሰማ "እሰይ!" አለ። ሌባ ያለው ቦታ መጥፋቱን ግን እንዳላወቀ ሆኖ አለፈው። በመጨረሻ የገዛ ድምፁ "ደጄ መጥቶ ቢለኝ ምን ነበረበት?" ሲል ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ቴፑን ዘጋሁት።

"ቤቶች!" አለ የሊቀመንበሩ ድምፅ።

"በቃኝ፣ ሰማሁት እኮ፤ አጥፊው" አለኝ አባቴ።

"ጠፍቷል፣ አባዬ።"

"ቤቶች!"

አባቴ ቴፑን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳና በሩን ራሱ ሄዶ ከፈተው።