ጨዋታው በተዘጋበት ቀን ስለ ሰሊጥ ያስጠየቅሁት

ወደ ኮምፒውተር ቤቱ መጀመሪያ የገባሁት ልጄን ፍለጋ ነው። አሥረኛ ክፍል ነበረች። መተማ ላይ ከባድ መኪናውም ድንበር ተሻጋሪውም ብዙ ስለሆነ፣ ትንሽ ከዘገየች ልቤ አይቀመጥም። ገብቼ ሳይ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰይፍ ይዛ ዘንዶ ትወጋለች፤ ከጎኗ ቀይ ካባ የለበሰች ሌላ ተዋጊ አለች።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«ጓደኛዬ። አብደራፊ ከተማ ነው የምትኖረው።»

ጨዋታው የቆየ ነው አሉ፤ በየአገሩ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ ገብቶ አብሮ የሚዋጋበት። ቀላል ስለሆነ የእኛ ደካማ ኔትወርክም ይችለዋል። በአንድ ክረምት የከተማው ወጣት ሁሉ ተያዘበት፤ ወንበር ጠፍቶ ቆመው ተራ ይጠብቁ ነበር። መከልከሉ ሲያቅተኝ አጠገቧ መቀመጥ ጀመርኩ። «በግራሽ መጣ! በግራሽ!» እያልኩ ስጮህ የቤቱ ባለቤት፣ «እትዬ፣ ለእርስዎም ሰይፍ ላምጣ?» ይለኛል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ከለከልኩ፤ ስልክ ቁጥር መስጠት። ባለ ካባዋ የእውነት ልጅ ትሁን ወይም ሽበታም ሽማግሌ በምን አውቃለሁ?

ከዚያ ጨዋታው ሊዘጋ ነው ተባለ። የመጨረሻው ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጨዋታው ውስጥም ሁሉም አደባባይ ወጥቶ ይዘላል፣ ርችት ይተኩሳል። የእኔ ልጅ ግን እንባዋ መጣ።

«እማ፣ ከዚህ በኋላ በምን አገኛታለሁ?»

ሰዓቱ ይሮጣል። ድንገት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። «ቤተሰቦቿ ሰሊጥ ያርሳሉ ብለሽኝ የለ? ከታጨደ በኋላ ምን እንደሚያደርጉት ጠይቂያት። የእውነት የገበሬ ልጅ ከሆነች አታጣውም።»

ጻፈችላት። መልሱን ጮክ ብላ አነበበችው፦ «አስረን፣ አፉን ወደ ላይ አድርገን እናቆመዋለን። ሲደርቅ ሸራ ላይ ገልብጠን እናራግፋለን። ነፋስ ካለ ግን እናቴ አታስነካንም። ሰማይ ሰማይ ስታይ ነው የምትውለው፤ ጭንቀታም ናት።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። «እትዬ፣ እህትዎን አገኙ!» አለ ባለቤቱ።

«ስጫት! ቶሎ በይ!» ብዬ ቁጥሩን እጠራላት ጀመር። የራሴን ቁጥር ነው፤ መጀመሪያ የማነሳው እኔ ነኛ። ልጄ ጽፋ ስትጨርስና ኮምፒውተሩ ሲጠቁር አንድ ሆነ። ይድረስ አይድረስ አላወቅንም።

ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ወጣን። ገበያውን ሳናልፍ ጮኸ።

«ሃሎ?»

«እማማ፣ እኔ ነኝ፤ ባለ ካባዋ!» አለች የልጅ ድምፅ። ከኋላዋ አንዲት ሴት ትቆጣለች፦ «ማን ናት? ለማን ነው የደወልሽው?»

ልጄ ስልኩን ልትነጥቀኝ ትዘላለች። «ቆይ» አልኳት፤ «መጀመሪያ ከእናትየዋ ጋር ላውራ።»